የሲሚንቶ ኩባንያ «ብክለቴን ቀነስኩ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

አምና ዘመዶቼ ጓሯቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ሲያሠሩ ሲሚንቶ ግዛ ተብዬ ተላክሁ። ከመውጣቴ በፊት ግንበኛው ጠራኝና «ለልስን ስለሆነ ፒፒሲ ይበቃናል። ኦፒሲ ብለው እንዳይሸጡልህ» አለኝ። ይዤ ስመለስ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከረጢቱን በቢላ ቀደደ። ዱቄቱን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አሸት አሸት አደረገው። «ኦፒሲው ቶሎ ይይዛል። ይኼኛው ትንሽ ይዘገያል። ውሃ ካልነፈግኸው ግን ሁለቱም ድንጋይ ነው የሚሆኑት» አለኝ።

እሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር የጨረሰውን ነገር የዓለም ትልልቅ የሲሚንቶ ኩባንያዎች በየዓመቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች ይተነትኑታል። ሪፖርታቸው «ዘላቂነት»፣ «ዝቅተኛ ካርቦን»፣ «ኔት ዚሮ» በሚሉ ቃላት የተሞላ ነው። ዜናው እኛ ጋ ሲደርስ ግን አንድ መስመር ሆኖ ነው የሚቀረው፤ «ኩባንያው ትርፉን ጨምሮ ብክለቱን ቀነሰ» ይላል። ሰሚው ወይ እንዳለ ይቀበለዋል፣ ወይ «ለማስታወቂያ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ሁለቱንም አልመርጥም። ቁጥሮቹ ውስጥ እውነተኛ ነገር አለ፤ ማንበብ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የአንድ ኩባንያ የአንድ ዓመት ሪፖርት ይዘን አብረን እንየው። የመረጥኩት የጀርመኑን ሃይደልበርግ ማቴሪያልስ ነው። ዓመቱ 2024 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ይህ ኩባንያ ማን ነው?

ታሪኩ የሚጀምረው በ1873 ነው። ዮሐን ፊሊፕ ሺፈርዴከር የሚባል የቢራ ጠማቂ ሃይደልበርግ ከተማ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ገዛና ወደ ሲሚንቶ ማምረቻ ቀየረው። ዛሬ ያ ወፍጮ ቤት በ50 ገደማ አገሮች የሚሠራ፣ ከ50 ሺህ በላይ ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ ሆኗል። በዓመት ከ110 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሚንቶ ይሸጣል። ጠጠርና አሸዋ፣ ተቦክቶ በመኪና የሚመጣ ኮንክሪት፣ አስፋልትም ያቀርባል።

እስከ 2022 ድረስ ስሙ ሃይደልበርግ ሲሚንት ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ «ሲሚንት» የሚለውን አውጥቶ «ማቴሪያልስ» የሚለውን አስገባ። እንዲሁ የስም ማሳመር አይደለም። «ሲሚንቶ» የሚለው ቃል አውሮፓ ውስጥ ከብክለት ጋር ተያይዞ መነሳት ጀምሯል። ኩባንያዎቹም ከሲሚንቶ ሻጭነት ሰፋ ብለው መታየት ይፈልጋሉ። የስዊዘርላንዱ ተፎካካሪ ሆልሲምም ከ2021 ጀምሮ የጣሪያ ሥራ ኩባንያዎችን መግዛት የጀመረው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው።

ሃይደልበርግ በአፍሪካም በብዙ ቦታ አለ። ታንዛንያ ውስጥ ከረጢቱ ላይ ቀጭኔ የተሳለበት ትዊጋ ሲሚንቶ የእሱ ነው። ጋና፣ ቶጎ፣ ሞሮኮና ግብፅም ይሠራል። እኛ ገበያ ላይ የምናውቃቸው ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ አሁን ደግሞ ለሚ። ግን ምድጃው አንድ ዓይነት ነው፣ ድንጋዩም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የጀርመኑ ሪፖርት ስለ እኛም ፋብሪካዎች ብዙ ነገር ይነግረናል።

ሽያጩ ሳያድግ ትርፉ እንዴት አደገ?

በ2024 የኩባንያው ገቢ 21.2 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። በ2023ም እንደዚያው 21.2 ቢሊዮን ነበር። ገቢው ባለበት ቆሟል ማለት ነው። ከዋናው ሥራ የተገኘው ትርፍ ግን ከ3.0 ወደ 3.2 ቢሊዮን ዩሮ ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንለይ። ገቢ ማለት ከሽያጭ የተሰበሰበው ብር በሙሉ ነው። የሥራ ትርፍ ማለት ደግሞ ከዚያ ላይ የነዳጁ፣ የደመወዙ፣ የትራንስፖርቱና የማሽን እርጅናው ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። የባንክ ወለድና የትርፍ ግብር ገና አልተነካም።

አንዲት እንጀራ ሻጭ አስቡ። አምና በቀን 200 እንጀራ ትሸጥ ነበር። ዘንድሮ ሰፈሩ ቀዝቅዞ 190 ትሸጣለች። ዋጋዋን ትንሽ ከፍ ስላደረገች ቀኑን ሙሉ ሠርታ እጇ የሚገባው ብር ያው ነው። ነገር ግን ዱቄቱን በጅምላ መግዛት ጀምራለች፣ የምጣዱ ወጪም ቀንሶላታል። ማታ ስትቆጥር የሚተርፋት ከአምናው ይበልጣል።

ሃይደልበርግ ላይ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2024 ጀርመንን ጨምሮ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የቤት ግንባታ ተቀዛቅዞ ነበር። ወለድ ስለተወደደ ሰው ተበድሮ ቤት መሥራት ከብዶታል። ኩባንያው ግን ዋጋውን አላወረደም፣ የኢነርጂ ወጪውም ካለፉት ዓመታት ቀነሰለት። ከ100 ዩሮ ሽያጭ 15 ዩሮ ገደማ ለሥራ ትርፍ ተረፈው። ለባለአክሲዮኖች የሚከፍለውንም በአንድ አክሲዮን ከ3 ዩሮ ወደ 3 ዩሮ ከ30 ሳንቲም አሳደገ።

ሆልሲምም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ሽያጩ ከ27.0 ወደ 26.4 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ወርዶ የሥራ ትርፉ ግን 5 ቢሊዮን አለፈ።

ስለዚህ «ሲሚንቶ ትንሽ ሸጦ ብዙ ማትረፍ» የአንድ ኩባንያ ብልሃት ብቻ አይደለም። ሲሚንቶ ከባድ ነገር ነው፤ ከሩቅ ማምጣት አያዋጣም። አንድ አካባቢ ላይ ፋብሪካ ያለው ዋጋ ላይ አቅም አለው። ይህን እኛም ኪሳችን ያውቀዋል።

የሲሚንቶ ካርቦን ከየት ነው የሚመጣው?

ብዙ ሰው የሲሚንቶ ብክለት ሲባል የጭስ ማውጫውን አቧራ ወይም የድንጋይ ከሰሉን ጭስ ነው የሚያስበው። ችግሩ ያ ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር። ነዳጁን ቀይሮ መገላገል ይቻል ነበር። የሲሚንቶ ትልቁ ካርቦን ግን የሚወጣው ከነዳጁ አይደለም። ከድንጋዩ ከራሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ ይፈጫል፤ ከጥቂት ሸክላ አፈር ጋር ይደባለቅና ረጅም በሆነ የሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ከወዲያኛው ጫፍ ጥቁር ግራጫ፣ ድቡልቡል ጠጠር የመሰለ ነገር ሆኖ ይወጣል። ስሙ ክሊንከር ነው። ክሊንከሩ ከትንሽ ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል።

አሁን ዋናው ነገር። የኖራ ድንጋይ በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ የያዘ ድንጋይ ነው። ሲሞቅ ይለቀዋል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ቅቤ ሲነጠር ያየ ሰው ይኼ ይገባዋል። አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ አስገብተን አንድ ኪሎ ንጥር አናወጣም። ከቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እየተንጨረጨረ ይተናል። በእንጨት ብናነጥረው ቤቱ ይጨሳል። በኤሌክትሪክ ብናነጥረው ጭሱ ይቀራል። ከቅቤው የሚወጣው እንፋሎት ግን በሁለቱም ይወጣል፤ ምክንያቱም የቅቤው ነው እንጂ የእሳቱ አይደለም።

ከሲሚንቶ ካርቦን 60 በመቶ ያህሉ እንዲህ ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ቀሪው 40 በመቶ ነው የነዳጁ። በዓለም ላይ በዓመት 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሚንቶ ይመረታል። ለዚህ ነው ሲሚንቶ ብቻውን የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚይዘው። የዓለም አውሮፕላኖች በሙሉ ተደምረው ከሚለቁት በእጅጉ ይበልጣል።

«527 ኪሎ» ምን ማለት ነው?

የሃይደልበርግ የ2024 ሪፖርት በዘላቂነት ክፍሉ ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው ቁጥር 527 ነው። ለአንድ ቶን ሲሚንቶ 527 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። በ2023 ቁጥሩ 534 ነበር። በ1990 ደግሞ 750 ኪሎ አካባቢ ነበር። በ2030 ወደ 400 አወርደዋለሁ ይላል።

በእኛ መለኪያ እናምጣው። አንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ አስቡ። 527ን በዚያ ልክ ብናካፍለው 26 ኪሎ ይመጣል። ከረጢቱን ትከሻችን ላይ ስናነሳ የዚያን ከረጢት ግማሽ የሚያህል ጋዝ ቀድሞ አየር ላይ ወጥቷል።

ይህን ቁጥር ሳነብ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እናንተም የማንኛውንም የሲሚንቶ ኩባንያ ሪፖርት ብታዩ እነዚህን ሦስቱን ጠይቁ።

የመጀመሪያው፦ ቁጥሩ ለአንድ ቶን ነው ወይስ በጠቅላላው? 527 ለአንድ ቶን ነው። አንድ ኩባንያ በቶን ቀንሶ ነገር ግን ብዙ ቶን ቢሸጥ ጠቅላላው ሊጨምር ይችላል። ሃይደልበርግ ከሚያመርተው ብዛት አንጻር ጠቅላላው በዓመት ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ከ534 ወደ 527 መውረድ ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ አንድ ከምናምን ብቻ ነው። ከ527 ወደ 400 በስድስት ዓመት ለመድረስ ግን በየዓመቱ 21 ኪሎ መቀነስ ይጠይቃል። በ2024 የቀነሰው 7 ኪሎ ነው። ይህን ሂሳብ ዜናው አይሠራልንም።

ሁለተኛው፦ «የተጣራ» የሚል ቃል አለበት ወይ? አለበት። በሲሚንቶ ሰዎች ቋንቋ የተጣራ ካርቦን ማለት ኩባንያው ቆሻሻ አቃጥሎ የሚለቀው ካርቦን ሳይቆጠር ማለት ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ይልቅ አሮጌ ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ የተጨመቀ የከተማ ቆሻሻ ያቃጥላሉ። መከራከሪያቸው «ይህ ቆሻሻ እኛ ባናቃጥለው ሌላ ቦታ ይቃጠል ወይም ይቀበር ነበር» የሚል ነው። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ የማይረባ አይደለም፤ ከሰሉን በእርግጥ ይተካል። ነገር ግን ጎማ ሲቃጠልም ካርቦን ይወጣል። ስለዚህ ከጭስ ማውጫው በትክክል የሚወጣው ከ527 በላይ ነው።

ሦስተኛው፦ ኩባንያው በመሃል ፋብሪካ ሸጧል ወይ? ይኼኛው በጣም የሚዘነጋ ነው። ሆልሲም በ2022 የህንድ ፋብሪካዎቹን፣ አምቡጃ እና ኤሲሲ የሚባሉትን፣ ለአዳኒ ግሩፕ ሸጠ። ወደ 6.4 ቢሊዮን ዶላር አገኘበት። ከሽያጩ በኋላ በሆልሲም ስም የሚመዘገበው ጠቅላላ ካርቦን በአንዴ ዝቅ አለ። ህንድ ውስጥ ያሉት ምድጃዎች ግን አንድ ቀንም አልቆሙም። ባለቤታቸው ነው የተቀየረው። ጥሩ ሪፖርት እንዲህ ሲሆን የድሮውን ዓመት መነሻ ቁጥርም አብሮ ያስተካክላል። አንባቢ ግን ማስተካከሉን ራሱ ማየት አለበት።

እሺ፣ ታዲያ በምን ይቀነሳል?

እዚህ ላይ ነው ግንበኛው የሚመለሰው።

ካርቦኑ ያለው ክሊንከር ላይ ከሆነ ትልቁ መፍትሔ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ክሊንከር መቀነስ ነው። ኦፒሲ ማለት ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገሩ ክሊንከር የሆነ ሲሚንቶ ነው። አንዱ ከረጢት 40 ኪሎ ገደማ ካርቦን ይሸከማል። ፒፒሲ ደግሞ ክሊንከሩ በከፊል በሌላ ነገር የተተካ ነው። እኛ አገር ይህ «ሌላ ነገር» በአብዛኛው ፑሚስ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣው፣ ቀለል ያለው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። እሱን እሳተ ገሞራው ራሱ አቃጥሎ ጨርሶታል። ፋብሪካው የሚጠበቅበት ማድረቅና መፍጨት ብቻ ነው።

ከጤፍ ጋር ገብስ ወይም ማሽላ ቀላቅሎ መጋገር እንደማለት ነው። በደንብ የተመጠነ ቅይጥ ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል። መጠኑን ካለፈ ግን ምጣዱ ላይ ይሰባበራል።

ብዙ ሰው ፒፒሲን «የተበረዘ ሲሚንቶ» አድርጎ ያየዋል። ይህ ልክ አይደለም፤ በደንብ ማስተካከል የምፈልገውም ይኼን ነው። ፑሚሱ ዝም ብሎ ቦታ የሚሞላ አፈር አይደለም። ክሊንከሩ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኖራ ይለቃል። ፑሚሱ ያንን ኖራ ይዞ ራሱም ወደ ማጣበቂያነት ይቀየራል። ይህ ሁለተኛው ሥራ ጊዜ ይወስዳል። ግንበኛው «ትንሽ ይዘገያል» ያለኝ ይህን ነው። ለዚህ ነው ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደከም ያለ መስሎ የሚታየው። ለዚህም ነው ውሃ ማጠጣቱ ለፒፒሲ ይበልጥ የሚያስፈልገው። ቶሎ ፎርም መፍታት ለሚፈልግ፣ ለሶሌታና ለምሰሶ፣ ኦፒሲ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለልስን፣ ለግንብ፣ ለወለል ግን ፒፒሲ በቂ ነው። ለዚያ ሥራ ኦፒሲ መግዛት ብርም ካርቦንም ማባከን ነው።

ሃይደልበርግ ከሚሸጠው ሲሚንቶ ውስጥ ክሊንከሩ 70 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው ድብልቅ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲደባለቁ የኖሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭና ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ የሚወጣ አመድ። አሁን ግን አንድ ችግር መጥቷል። የከሰል ማመንጫዎች እየተዘጉ ነው፤ አመዱም እያነሰ ነው። ሃይደልበርግ በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተቀበረ የድሮ አመድ እያወጣ የሚያጸዳ ሴፋ የሚባል ኩባንያ የገዛው ለዚህ ነው። ድሮ የሚጣል አመድ ዛሬ ተቆፍሮ ይሸጣል።

ለአፍሪካ የበለጠ ተስፋ ያለው ግን ሸክላ አፈር ነው ብዬ አምናለሁ። ተራ ሸክላ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሲቃጠል እንደ ፑሚሱ የሚሠራ ይሆናል። ይህ ሙቀት ክሊንከር ከሚፈልገው በብዙ ያንሳል፤ ሸክላ ደግሞ በውስጡ የታመቀ ካርቦን የለውም። የተቃጠለ ሸክላና ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አንድ ላይ ሲገቡ ክሊንከሩን ወደ ግማሽ ማውረድ ይቻላል። ካርቦኑም እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ቅመማ ያዳበሩት በስዊዘርላንድ ሎዛን ያለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኩባና ከህንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ነው። ስሙ ኤልሲ3 ይባላል። ሃይደልበርግም ጋና ውስጥ ከአገሬው አጋር ጋር ሆኖ ሸክላ የሚያቃጥል ትልቅ ፋብሪካ ቴማ ላይ ገንብቷል። ጋና የኖራ ድንጋይ እንደልብ ስለሌላት ክሊንከር ከውጭ በዶላር ነበር የምታስገባው። ለእሷ ይህ የአየር ንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይም ነው።

ብሬቪክ ላይ ምን ተሠራ?

ክሊንከሩን የቱንም ያህል ብንቀንሰው ዜሮ አይደርስም። የቀረው ካርቦን ከጭስ ማውጫው ላይ መያዝ አለበት። ይህን በፋብሪካ ደረጃ በሙሉ አቅም ያደረገው የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ደቡብ ኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ያለው ብሬቪክ ነው። የሃይደልበርግ ንብረት ነው። ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ካርቦን መያዣው በሰኔ 2025 በይፋ ተመረቀ።

ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ረጅም ግንብ ውስጥ ይገባል። ከላይ አሚን የሚባል ፈሳሽ እንደ ካፊያ ይወርድበታል። ፈሳሹ ከጭሱ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለይቶ ይይዛል። ከዚያ ወደ ሌላ ግንብ ሄዶ ሲሞቅ የያዘውን ይለቃል፤ ባዶውን ተመልሶ ሌላ ይይዛል። ውሃ መጥጦ እንደሚጨመቅ ስፖንጅ ነው። ለማሞቂያው በአብዛኛው የሚጠቀመው ከፋብሪካው የሚባክነውን ሙቀት ነው።

የተያዘው ጋዝ ቀዝቅዞና ተጨምቆ ፈሳሽ ይሆናል። በመርከብ ተጭኖ ምዕራብ ኖርዌይ፣ ኦይጋርደን ወደሚባል ቦታ ይሄዳል። ከዚያ በቧንቧ ወደ ባሕሩ መሃል ይገባና ከባሕር ወለል በታች 2,600 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ይቀበራል። በላዩ ላይ የማያሳልፍ ድንጋይ እንደ ክዳን ተቀምጧል። የመጀመሪያው ካርቦን ነሐሴ 2025 ወደ ታች ወረደ።

ብሬቪክ በዓመት 400 ሺህ ቶን መያዝ ይችላል። ከፋብሪካው ልቀት ግማሹ ነው። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ለዓመታት «አይቻልም» ሲባል የኖረ ነገር ስለሆነ። ነገር ግን ቁጥሩን ከላይ ካየነው ጠቅላላ ጋር አስቀምጡት። ከ50 ሚሊዮን በላይ ውስጥ 400 ሺህ ከመቶ አንድ አይሞላም። ሪፖርቱ ላይ ግን ብሬቪክ ብዙ ገጽና ብዙ ፎቶ አለው። ኩባንያው ሌላም ጀምሯል፤ ዌልስ ውስጥ ፓድስዉድ ላይ በዓመት 800 ሺህ ቶን የሚይዝ እየተሠራ ነው።

ከብሬቪክ ጋር የሚመጣ አንድ የሽያጭ ነገር አለ፤ ሰው ስለሚያደናግር ላንሳው። ኩባንያው ኢቮዜሮ የሚል «ካርቦን የሌለው ሲሚንቶ» ይሸጣል። ይህን የገዛ ሰው የግድ ከብሬቪክ የወጣ ሲሚንቶ አይደርሰውም። ብሬቪክ ላይ የተያዘው ካርቦን በደብተር ተመዝግቦ ሌላ ቦታ በሚሸጥ ሲሚንቶ ስም ሊያዝ ይችላል። አዲስ አበባ ባንክ ያስገባነው ብር ጎንደር ላይ ሲወጣ ያው ወረቀት እንዳልሆነው ማለት ነው። ደብተሩ በታማኝነት ከተያዘና አንዱ ቶን ሁለት ጊዜ ካልተሸጠ ማጭበርበር አይደለም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው «ከተያዘ» እና «ካልተሸጠ» በሚሉት ላይ ነው። ለዚህ ነው የውጭ መርማሪ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው።

ወጪውን ማን ነው የሚከፍለው?

ብሬቪክ ላይ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የኖርዌይ መንግሥት ነው። ኩባንያው ብቻውን ቢሆን አያደርገውም ነበር። አያዋጣውማ።

እንዲያዋጣ የሚያደርገው የአውሮፓ ኅብረት የካርቦን ገበያ ነው። አንድ ቶን ካርቦን ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ዋጋ አለው። በ2024 ከ50 እስከ 75 ዩሮ አካባቢ ሲዋዥቅ ነበር። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ግን እስካሁን አብዛኛውን ፈቃድ በነጻ ነበር የሚያገኙት። ምክንያቱም «ካስከፈልናቸው ፋብሪካቸውን ነቅለው ወደ ቱርክና ወደ አልጄሪያ ይሄዳሉ» የሚል ስጋት ነበር። አሁን ነጻው ፈቃድ ከ2026 ጀምሮ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2034 ያበቃል። በምትኩ ከውጭ የሚገባ ሲሚንቶ ድንበር ላይ የካርቦን ክፍያ ይጣልበታል። ይህም በጥር 2026 ተጀምሯል።

ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ያለው ትርፍና ሪፖርቱ ላይ ያለው ካርቦን የተለያዩ ምዕራፎች ቢመስሉም አንድ ናቸው። አንድ ቶን ፈቃድ 70 ዩሮ ነው እንበል። 527 ኪሎ የሚለቅ ቶን ሲሚንቶ ነጻ ፈቃዱ ሲያልቅ 37 ዩሮ ይጨመርበታል። 400 ኪሎ የሚለቀው 28 ዩሮ። ቀድሞ የቀነሰ ይተርፈዋል፣ የዘገየ ይከፍላል። ሃይደልበርግን ወደ 400 የሚገፋው ይህ ሂሳብ ነው።

እኛን ምን አገባን?

ኢትዮጵያ ሲሚንቶ ወደ አውሮፓ አትልክም። የድንበር ክፍያው በቀጥታ አይነካንም። የሚነካን ሌላው ነው። በሰሜን ሸዋ እንሳሮ ወረዳ የተተከለው የለሚ ፋብሪካ በመስከረም 2024 ተመርቋል። በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም አለው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለአሥርተ ዓመታት ይሠራል። ዛሬ ምን ያህል ክሊንከር ይጠቀማል የሚለው ልማድ ረጅም ጊዜ ይከተለናል።

እዚህ ላይ ጠቅላላውን ቁጥር ለእኛ አገር እንደ ጀርመን መለኪያ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። ጀርመን ቤቷን፣ መንገዷንና ድልድይዋን ሠርታ ጨርሳለች። እኛ ገና ነን። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያልተሠራበት ቀበሌ ሞልቷል። ጠቅላላው መጨመሩ አይቀርም፤ መጨመርም አለበት። ለእኛ የሚሆነው ጥያቄ የከረጢቱ ነው፤ በዚህ 50 ኪሎ ውስጥ ስንት ኪሎ ካርቦን አለ? ፑሚሱ አለን፣ ሸክላ አፈሩ አለን። ፒፒሲን ለለመደ ግንበኛ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ያን ቀን ያመጣሁት ከረጢት ላይ የተጻፈውን ቆይቼ አነበብኩት። ፒፒሲ ይላል። 32.5 ይላል፤ ጥንካሬው ነው። 50 ኪሎ ይላል። ስለ ክሊንከር መጠንም ሆነ ስለ ካርቦን የተጻፈ ነገር አልነበረበትም። ልስኑ ከተለሰነ በኋላ ግንበኛው ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ እንድናጠጣው አዘዘን፤ በአራተኛው ቀን ረስተን ስንውል ደውሎ ተቆጣን።